እንባ የሚያፈስ ዓይን እንዴት ደረቀ ይባላል? የዓይን ሐኪም ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የ41 ዓመት ሴት ናቸው፤ ፒያሳ ውስጥ በአንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከጠዋት እስከ ምሽት በኮምፒውተር ይሠራሉ። ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ይቆጠቁጧቸዋል፣ አሸዋ የገባባቸው ያህል ይሰማቸዋል፣ ከቤቱ ወጥተው ነፋስ ሲነካቸው ደግሞ እንባቸው በጉንጫቸው ላይ ይወርዳል። ጠዋት ሲነሡ በዓይናቸው ጥግ ክር የመሰለ ነጭ አይናር ያገኛሉ። አንድ የመድኃኒት መደብር ባለሙያ «ዓይንዎ ደርቋል» ብሎ ጠብታ ሰጥቷቸዋል፤ እርሳቸውም ቅላት የሚያጠፋ ሌላ ጠብታ ጨምረዋል። «እንባ የሚያፈስ ዓይን እንዴት ደረቀ ይባላል? ነጩን የሚሸፍነው ስስ ቆዳስ ሥራው ምንድን ነው? የገባብኝ አቧራ ከዓይኔ ኋላ ሄዶ ተቀምጦ ይሆን?» ሲሉ ይጠይቃሉ። በመጨረሻም ጎጃም ገጠር ውስጥ እንዳደጉና በልጅነታቸው ዓይናቸው ደጋግሞ ይታመም እንደነበር፣ ከጉዳዩ ጋር የተያያዘ ሳይመስላቸው፣ ጠቅሰዋል።

ጠያቂዬ፣ ያ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርዎ ከሁሉም በላይ አሳስቦኛልና እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን የእንባውን ነገር ላስረዳ። ዓይን ደረቀ የሚባለው እንባ ሲያልቅበት ብቻ አይደለም። እንባው በዓይን ገጽ ላይ ተዘርግቶ መቆየት ሲያቅተው፣ ወይም ቶሎ ሲተንን፣ ወይም ውኃው ተንኖ ጨውነቱ ሲበዛና የነካውን ገጽ ሲጎዳ ዓይኑ ደርቋል እንላለን። በጉንጭዎ ላይ የሚወርደው ውኃ ዓይንዎ ለዚህ ድርቀት የሚሰጠው የድንገት ምላሽ ነው። ምላሹ ለምን እንደማይጠቅም ለመረዳት እንባ የሚያርፍበትን ወለል ማወቅ ያስፈልጋል፤ የዚያ ወለል ትልቁ ክፍል ደግሞ እርስዎ «ስስ ቆዳ» ያሉት ነው።

ይህ ሽፋን በሕክምና ኮንጃንክቲቫ ይባላል። ስሙ «ማገናኘት» ከሚል የላቲን ግሥ የመጣ ነው፤ የዓይን ቆብን ከዓይን ኳስ ጋር የሚያገናኘው እርሱ ነውና። ቆዳ ቢሉትም ይበልጥ የሚቀርበው ለከንፈርና ለጉንጭ ውስጠኛ ገጽ ነው፤ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ የቆዳ ዓይነት ደረቅ የላይ ንብርብር የለውም፣ ራሱም ዝልግልግ ፈሳሽ ያመነጫል። እጅዎን ታጥበው መስታወት ፊት ቆመው የታችኛውን የዓይን ቆብ በጣትዎ ዝቅ ቢያደርጉት ሮዝ መልክ ያለውን ለስላሳ ገጽ ያዩታል። የጤና ባለሙያ ደም ማነስ ሲጠረጥር ይህንኑ ቦታ ገልጦ የሚመለከተው፣ ሽፋኑ እጅግ ስስ ከመሆኑ የተነሣ ከሥሩ ያለው የደም ቀለም በግልጽ ስለሚታይ ነው። ሽፋኑ ከቆቡ ጠርዝ ተነሥቶ የቆቡን ውስጥ ይለብሳል፣ ወደ ጥልቁ ዘልቆ ይታጠፍና ኪስ ይሠራል፣ ከዚያም ተመልሶ ነጩን የዓይን ክፍል ሸፍኖ ጥቁሩ ከሚጀምርበት ድንበር ላይ ያበቃል። ከድንበሩ ወዲያ ያለው ጥርት ያለው መስኮት ኮርኒያ ነው፤ ብርሃን የሚያልፍበት በመሆኑ ጤናማ ሲሆን አንድም የደም ሥር አይገኝበትም።

የሦስተኛው ጥያቄዎ መልስም እዚሁ ላይ ነው። ኪሱ ዙሪያውን የተዘጋ ስለሆነ አቧራም ሆነ የረገፈ ሽፋሽፍት ከዓይን ኳስ ኋላ የሚሄድበት መንገድ የለም። ብዙ ሰዎች በዚህ ፍርሃት ተጨንቀው ስለሚመጡ ይህን በሙሉ ልብ እንዲያምኑኝ እሻለሁ። ሆኖም የላይኛው ኪስ ከታችኛው ይልቅ ጥልቅ ነው፤ እዚያ የገባ ነገር በመስታወት ስለማይታይ የጠፋ ይመስላል። ከላይኛው ቆብ ጠርዝ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ገባ ብሎም ቀጭን ቦይ አለ፤ ብናኝ ብዙ ጊዜ የሚሰነቀረው በዚያ ሲሆን፣ ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ኮርኒያውን ይፍቀዋል። ቆቡን ገልብጦ በእርጥብ ጥጥ ማንሣት ለባለሙያ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ዓይንን ማሸት ግን ያንኑ ብናኝ እንደ ሞረድ እንዲሠራ ማድረግ ነው።

በነጩ ላይ ያለው የሽፋኑ ክፍል ከሥሩ ጋር የተያያዘው ላላ ብሎ ነው፤ በትከሻ ላይ እንደተጣለ ነጠላ ነው ብል አልተሳሳትኩም። ዓይን ወደ ቀኝና ወደ ግራ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ያለ ሕመም የሚዞረው፣ ሽፋኑ በኪሱ ውስጥ ያለውን እጥፋት እየለቀቀና እየሰበሰበ ስለሚከተለው ነው። ይኸው ልልነት ዓይን ሲቆጣ ሽፋኑ ውኃ ቋጥሮ እንዲያብጥ ያደርገዋል። በሳል ወይም በማስነጠስ አንዲት ትንሽ የደም ሥር ስትበጠስም ደሙ በሽፋኑ ሥር ተንጣሎ ነጩን ያለብሰዋል። የሚያየው ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ሕመም ከሌለውና ማየት ካልቀነሰ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሱ ይጠፋል። ሲደጋገም የደም ግፊትን መለካት ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ሥራው፣ ወደ ማለስለስ፣ ልለፍ። በሽፋኑ ውስጥ በዋንጫ ቅርጻቸው የተነሣ ጎብሌት ሴል የተባሉ ጥቃቅን አመንጪዎች ተሰራጭተዋል፤ የሚያመነጩትም ሙሲን የተባለ ዝልግልግ ነገር ነው። ሙሲንን ለታካሚዎቼ የማስረዳው በተልባ ነው። ተልባ ውኃ ውስጥ ሲያድር ዙሪያውን የሚከበው ልጋግ ምን ያህል እንደሚያሙለጨልጭ፣ ውኃንም ምን ያህል ይዞ እንደሚያቆይ ሁላችንም እናውቃለን። ሙሲንም በዓይን ገጽ ላይ ውኃን ይይዛል፣ ቆቡም በኮርኒያው ላይ ሳይፋቅ እንዲንሸራተት ያደርጋል። ከዚህም በላይ ቆቡ በፍጥነት ሲወርድበት ይቀጥናል፣ ሲያርፍ ደግሞ መልሶ ይወፍራል፤ በመንሸራተቻው ጊዜ ማለስለሻ፣ በእረፍቱ ጊዜ መያዣ ይሆናል ማለት ነው። ከእነዚህ ሴሎች ከሚፈስሰው ሌላ፣ በሽፋኑና በኮርኒያው የላይ ሴሎች ላይ ሥር ሰድዶ የሚቀር የሙሲን ዓይነትም አለ፤ እርሱ ገጹን ውኃ የሚወድ ያደርገዋል።

«ውኃ የሚወድ» ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በምጣድ ላሳይዎት። በጎመን ዘር ታሽቶ በተሟሸ ምጣድ ላይ ገና ሳይጋል ጥቂት ውኃ ቢያፈሱበት ውኃው አይዘረጋም፤ ዶቃ ዶቃ እየሠራ ይንከባለላል። ሙሲን የሌለው የዓይን ገጽም እንዲሁ ነው። ምንም ያህል እንባ ቢመጣበት እንባው ተሰባስቦ ይንሸራተታል እንጂ ገጹን አያለብሰውም፤ በጠብታዎቹ መካከል የሚቀረው ባዶ ቦታ ለአየር ይጋለጣል፣ ይደርቃል፣ ይቆጠቁጣል። የጥያቄዎ ትልቁ ክፍል የሚመለሰው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ችግሩ ከውኃው ማነስ ይልቅ ውኃው የሚያዝበት ወለል መጎዳት ሊሆን ይችላል።

በጤናማ ዓይን ላይ የሚዘረጋው የእንባ ሽፋን ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር ሺኛ እጅ ሦስቱን ያህል ብቻ ነው፤ የአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በዚህ ስስ ሽፋን ውስጥ ከሥር ሙሲን የበዛበት ውኃ አለ፣ ከላይ ደግሞ የቅባት ንብርብር ይከድነዋል። ቅባቱ የሚመጣው በቆቦቹ ውስጥ ጎን ለጎን ከተደረደሩት፣ አፋቸው በቆቡ ጠርዝ ላይ ከሚከፈተው የማይቦሚየን ዕጢዎች ሲሆን፣ ሥራው ውኃው ቶሎ እንዳይተንን መክደን ነው። ውኃውን የሚያመነጨው ትልቁ የእንባ ዕጢ ከዓይን በላይ በውጭ በኩል ተቀምጦ በቱቦዎቹ አማካይነት ወደ ላይኛው ኪስ ያፈስሳል። ከእርሱ ሌላ በራሱ በሽፋኑ ውስጥ የተቀበሩ፣ ክራውዘና ቮልፍሪንግ በተባሉ ሰዎች ስም የሚጠሩ ብዙ ጥቃቅን ዕጢዎች አሉ፤ አብዛኞቹ የሚገኙት በላይኛው ኪስና በላይኛው ቆብ ውስጥ ነው። ይህን የላይኛውን ቆብ ነገር እባክዎ ልብ ይበሉልኝ።

በለቅሶ የሚመጣውን ትተን፣ እንባ ሁለት ዓይነት አመጣጥ አለው። አንዱ ቀን ሙሉ ሳናውቀው በዝግታ የሚመነጨው ነው። ሁለተኛው ሽንኩርት ስንከትፍ፣ ጭስ ሲያፍነን ወይም ባዕድ ነገር ሲገባብን የዓይን ገጽ ነርቭ ለአንጎል ባስታወቀ ቅጽበት ትልቁ ዕጢ በብዛት የሚለቀው ነው። የሁለተኛው ተግባር አጥቦ ማስወጣት ስለሆነ ውኃው ብዙ፣ ከብዛቱ አንጻር የያዘው ሙሲንና ቅባት ግን ጥቂት ነው። እርስዎ ከሱቁ ሲወጡ የሚሆነው ይኸው ይመስለኛል። ቀድሞውኑ የሳሳውን የእንባ ሽፋን ነፋስ ሲነካው ይቆራረጣል፣ የተጋለጠው ገጽ ይቆጠቁጣል፣ ነርቩ ያስታውቃል፣ ዕጢው ውኃ ይለቃል፤ ውኃው ግን የሚያስቀረው ወለል አጥቶ፣ እንባን ወደ አፍንጫ የሚያወርደው የማስወገጃ ቱቦም ስለማይበቃው ወደ ጉንጭዎ ይወርዳል። ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ዓይኑ ተመልሶ ይደርቃል። እንባ በቱቦ መዘጋት ምክንያትም ሊፈስ ይችላል፤ ነገር ግን ሁለቱም ዓይኖች በአንድነት መታመማቸውና የአሸዋ ስሜቱ ወደ ድርቀቱ እንዳዘነብል ያደርገኛል።

ስለ ጠዋቱ አይናርም ልናገር። ሙሲን ማለስለሻ ብቻ ሳይሆን የጽዳት ሠራተኛም ነው። በአየር የሚመጣውን ብናኝ፣ የረገፉ ሴሎችንና ተሕዋስያንን ይጠቀልላል፤ የቆቦቹ መርገብገብ ጥቅሉን እየገፋ በአፍንጫ በኩል ወዳለው የዓይን ጥግ ያደርሰዋል። በእንቅልፍ ጊዜ መርገብገቡ ስለሚቆምና የእንባው ፍሰት ስለሚቀንስ ጥቅሉ እዚያው ይጠራቀማል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የሚገኝ ጥቂት አይናር የጤና ምልክት ነው። እንደ ክር የሚሳብ ነጭ አይናር ሲሆን ግን ሙሲኑ በበቂ ውኃ እንዳልተበጠበጠ ወይም ሽፋኑ እንደተቆጣ ያመለክታል፤ በድርቀትም በአለርጂም ይታያል። ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ሽፋሽፍትን የሚያጣብቅ ከሆነ ደግሞ የባክቴሪያ ኢንፌክሽንን ያስጠረጥራል። ክሩን በጣት እየጎተቱ ማውጣት ሽፋኑን ስለሚያቆስልና ተጨማሪ ዝልግልግ እንዲያመነጭ ስለሚያደርገው፣ በንጹሕ ውኃ በራሰ ጨርቅ ከጥጉ መጥረግ ይሻላል።

የመከላከሉ ሥራ በዚህ አያበቃም። እንባ ውስጥ ሊሶዛይም የተባለ የባክቴሪያን ግድግዳ የሚንድ ንጥረ ነገር አለ፤ ይህን ነገር እ.ኤ.አ. በ1922 ለዓለም ያስታወቀው ኋላ ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ነው። ለምርምሩ የሚያስፈልገውን እንባ ለማግኘት በራሱና በባልደረቦቹ ዓይን ላይ ሎሚ ይጨምቅ እንደነበር ይታወቃል፤ ይህን ዛሬ ማንም እንዳይሞክረው አደራ እላለሁ። ከሊሶዛይም ሌላ ባክቴሪያ የሚፈልገውን ብረት የሚነጥቅ ላክቶፌሪን አለ፤ ተሕዋስያን በገጹ ላይ እንዳይጣበቁ የሚያደርጉ ፀረ እንግዳ አካላትም አሉ። በሽፋኑ ሥር ደግሞ የሰውነት መከላከያ ሴሎች በብዛት ሰፍረዋል። ሽፋኑ ከአየር ጋር ቀንም ሌትም የሚገናኝ በር ስለሆነ ዘበኛው መብዛቱ ተገቢ ነው። ችግሩ ዘበኛው ሲበዛና ሲቆጣ ቤቱንም መጉዳቱ ነው። የአለርጂ ማሳከክ የሚመጣው ከእነዚህ ሴሎች ማስት ሴል የተባሉት ሂስታሚን የተባለ የሚያሳክክ ንጥረ ነገር ሲለቁ ነው፤ ዓይንን በማሸት ሴሎቹን በጨመቅናቸው ቁጥር ሂስታሚኑ ይጨምራል፣ ማሳከኩም ይብሳል። ልጆች ዓይናቸውን ሲያሹ እናቶች እጃቸውን ቢይዙባቸው በእውነት ሕክምና ነው።

ስለምትሠሩበት አካባቢም አንድ ነገር ልበል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ አየሩ ደረቅ ነው፤ ደረቅ አየር ደግሞ እንባን ይጠጣል። ሕመምዎ በጥቅምት መጀመሩ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ከዚህ ጋር የፒያሳን የፈረሳና የግንባታ አቧራ፣ የናፍጣ ጭሱን፣ በቤት ውስጥ የከሰልና የዕጣኑን ጭስ ይደምሩበት። አልትራቫዮሌት የተባለው የፀሐይ ጨረርም በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ሽፋኑን ያስቆጣል፤ ከነጩ ተነሥቶ ወደ ጥቁሩ የሚሳበውን፣ ሰው «ሥጋ» የሚለውን እድገት ከሚያመጡት አንዱ ይህ ጨረር ነው። መነጽርና ጥላ ያለው ባርኔጣ እዚህ ከተማ ውስጥ ጌጥ አይደሉም።

ከሁሉም በላይ ግን የኮምፒውተሩ ነገር አለ። ሰው በተለምዶ በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል፤ ጽሑፍ ላይ ሲያተኩር ግን ከግማሽ በታች ይወርዳል፣ ብዙውም መርገብገብ ግማሽ መንገድ ሄዶ የሚመለስ ነው። ቆቡ እስከ ታች ካልወረደ እንባው አይዘረጋም፣ ቅባቱም ከዕጢዎቹ አይታለብም። ውኃው ሲተንን የቀረው እንባ ጨውነቱ ይበዛል፤ ይህ የጨው ብዛት የሽፋኑን ሴሎች ያስቆጣል፣ ጎብሌት ሴሎችንም ያጠፋል፤ እነርሱ ሲጠፉ ሙሲን ያንሳል፣ ሙሲን ሲያንስ እንባው ይበልጥ ይቆራረጣል። ሕመምዎ ከሱቁ ከወጡ በኋላም የማይተወው በዚህ ዑደት ምክንያት ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ለብዙ ሰው የሚሆን ነው። አሁን ለእርስዎ ብቻ ወደሚሆነው ልመለስ። በልጅነትዎ ደጋግሞ ይታመም የነበረው ዓይንዎ የዓይን ማዝ፣ ማለትም ትራኮማ፣ ይዞት ሊሆን ይችላል። ትራኮማ ክላሚዲያ ትራኮማቲስ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን፣ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ አማካይነት ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከልጅም ወደ እናትና ወደ ታላቅ እኅት ይተላለፋል። በዓለም ላይ የበሽታው ሸክም እጅግ የከበደው በአገራችን ላይ ነው። የሚያርፍበት ዋና ቦታ የላይኛው ቆብ ውስጠኛ ሽፋን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ቀላል የምርመራ መለያ አምስት ምልክቶች ሲኖሩት፣ ከአምስቱ ሦስቱ የሚታዩት ያንን ቆብ ገልብጦ ውስጡን በማየት ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ የያዘው ልጅ ብዙ ጊዜ ያለ ጉዳት ይድናል። ኢንፌክሽኑ በተደጋገመ ቁጥር ግን ያ የመከላከያ ሠራዊት በሽፋኑ ውስጥ ጦርነቱን ይቀጥላል፣ በመጨረሻም ጠባሳ ይተካል። ነጭ የጠባሳ መሥመር በላይኛው ቆብ ውስጥ ተጋድሞ ይታያል፤ የአርልት መሥመር እንለዋለን። ጠባሳው ጎብሌት ሴሎችን ያጠፋል፣ በኪሱ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን የእንባ ዕጢዎች አንቆ ያደርቃል፣ የቅባት ዕጢዎቹን አፍ ያዛባል፤ ባክቴሪያው ከጠፋ ከሠላሳ ዓመት በኋላም ዓይኑ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ጠባሳው እየተኮማተረ ቆቡን ወደ ውስጥ ሲስበው ደግሞ ሽፋሽፍቱ ተቀልብሶ ኮርኒያውን ይወጋል። የአሸዋ ስሜትዎ ከዚህ እንዳይሆን እሰጋለሁ። እናቶቻችን እንዲህ ያለውን ፀጉር በወረንጦ እየነቀሉ ኖረዋል፤ ለጊዜው ቢያሳርፍም ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል፣ ቆቡን የሚያቀናው ቀዶ ሕክምና ግን ዓይንን ከመጥፋት ያድናል። እኔ በሥራ ዘመኔ ለዓመታት በጠብታ ብቻ የቆዩ፣ አንድም ሰው የላይኛውን ቆባቸውን ገልብጦ ያላየላቸው በርካታ ሴቶች አጋጥመውኛል። ይህ እጅግ የሚያሳዝነኝ ነገር ነው፤ ቆብ ለመገልበጥ ከታጠበ እጅና ከአንዲት የጥጥ እንጨት በላይ አያስፈልግምና።

በልጆች ላይ ይኸው ሽፋን በሌላ ምክንያትም ይደርቃል። ቫይታሚን ኤ ሲጎድል ጎብሌት ሴሎች ይጠፋሉ፣ ሽፋኑ አንጸባራቂነቱን አጥቶ ይሸበሸባል፣ በነጩ ላይ አረፋ የመሰለ ነጭ ምልክት ይወጣል፤ ከዚያ በፊት ልጁ በምሽት ማየት ያቅተዋል፣ ዳፍንት የምንለው ነው። እርስዎን የሚመለከት አይመስለኝም፤ በቤትዎ ትንሽ ልጅ ካለ ግን ጎመን፣ ካሮት፣ እንቁላልና ጉበት ከማዕዱ እንዳይጠፉ ያድርጉ።

ስለያዟቸው ጠብታዎች በግልጽ መናገር አለብኝ። ቅላት የሚያጠፉት ጠብታዎች የደም ሥሮችን በማጥበብ ነጩን ለጥቂት ሰዓት ያነጡታል እንጂ ሽፋኑን አያክሙትም፤ ውጤታቸው ሲያልቅ ቅላቱ ብሶ ስለሚመለስ ሰው እየደጋገመ ይጨምራል። ይህን ዛሬውኑ ያቁሙ። የመጀመሪያው ጠብታ ዴክሳሜታዞን ወይም ሌላ ስቴሮይድ፣ ማለትም የዓይንን መቆጣት የሚያበርድ ጠንካራ መድኃኒት፣ ያለበት ከሆነ ነገሩ ከዚህ የከፋ ነው፤ ዓይንን በፍጥነት ስለሚያሳርፍ የተሻለ ይመስላል፣ ነገር ግን ያለ ክትትል ለወራት ሲወሰድ የዓይንን ግፊት ከፍ አድርጎ ግላኮማ የተባለውን የዓይን ነርቭ ጉዳት፣ ሌንሱንም አደፍርሶ ሞራ ያመጣል። በግላኮማ የጠፋ ማየት አይመለስም። ስለዚህ ማሸጊያውን ያንብቡ፤ ይህ ስም ካለበት በቶሎ ለዓይን ሐኪም ያሳዩ።

ምርመራው እስኪደርስ ድረስ ሰው ሠራሽ እንባ ሊጠቀሙ ይችላሉ። ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የተባለው የብዙ ጠብታዎች ማቆያ ኬሚካል ራሱ ጎብሌት ሴሎችን ስለሚጎዳ፣ ይህ ያለበትን በቀን ከአራት ጊዜ በላይ አያድርጉ፤ ደጋግመው ማድረግ የሚኖርብዎ ከሆነ ማቆያ የሌለበትን ይፈልጉ። በአንድ ጊዜ አንድ ጠብታ ይበቃል። በዓይን ላይ ያለው እንባ በአጠቃላይ 7 ማይክሮ ሊትር ያህል ሲሆን፣ አንድ ጠብታ ከ30 እስከ 50 ማይክሮ ሊትር ይሆናል፤ ኪሱ ከዚያ በላይ ስለማይይዝ ሁለተኛው ጠብታ በጉንጭ ላይ የሚፈስ ገንዘብ ነው። የታችኛውን ቆብ ዝቅ አድርገው በኪሱ ውስጥ ካደረጉ በኋላ ዓይንዎን ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ በቀስታ ይጨፍኑ። ማታ ማታ ንጹሕ ጨርቅ በሞቀ፣ ግን በማያቃጥል ውኃ ነክረው በተጨፈኑ ቆቦችዎ ላይ ለአምስት ወይም ለአሥር ደቂቃ ቢያኖሩ የረጋው ቅባት ይለሰልሳል። የኮምፒውተሩን መስታወት ከዓይንዎ ትይዩ ዝቅ ያድርጉት፤ ቆብዎ በግማሽ ስለሚወርድ ለአየር የሚጋለጠው ገጽ ያንሳል። አንድ ገጽ ተይበው በጨረሱ ቁጥር ዓይንዎን ሙሉ በሙሉ ጨፍነው መግለጥን ልማድ ያድርጉት። ሻይ፣ የእናት ጡት ወተት፣ የተጨመቀ ቅጠል፣ እነዚህን ሁሉ ዓይንዎ ውስጥ አያስገቡ። ኩልም ቢሆን ብናኙ በእንባው ላይ ይንሳፈፋል፣ አንዳንዱም እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት ይይዛል።

በአካባቢዎ ግንባታ ስላለ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ኖራ ወይም ሲሚንቶ ዓይን ውስጥ ከገባ ሐኪም ፍለጋ ከመሮጥ በፊት እዚያው በተገኘው ንጹሕ ውኃ ማጠብ ይቀድማል፤ ቢያንስ ለ15፣ ቢቻል ለ30 ደቂቃ ዓይኑን ከፍቶ ያለማቋረጥ ማፍሰስ ያስፈልጋል። ቅንጣቱ በላይኛው ኪስ ውስጥ ተሸሽጎ ማቃጠሉን ሊቀጥል ስለሚችል፣ ከታጠበ በኋላ ሐኪም ቆቡን ገልብጦ ማጽዳት አለበት። ያልተጸዳ ኖራ ሽፋኑን አቃጥሎ ቆቡን ከዓይን ኳስ ጋር ሲያጣብቀው አይቻለሁ፤ ያን ማላቀቅ ከባድ ነው።

ለምርመራ ወደ ምኒልክ ሁለተኛ ሆስፒታልም ሆነ ወደሚቀርብዎ የዓይን ክሊኒክ ሲሄዱ የሚደረግልዎ ቀላልና ሕመም የሌለው ነው። ፍሎረሲን የተባለ ቢጫ ቀለም በዓይንዎ ውስጥ ይደረግና፣ እንባው ሳይቆራረጥ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ይቆጠራል፤ ከ10 ሰከንድ በታች ከሆነ ሽፋኑ ጽኑ አይደለም ማለት ነው። በታችኛው ቆብ ላይ ለ5 ደቂቃ በሚሰቀል ቀጭን ወረቀት የውኃው መጠን ይለካል። ከዚያም «የልጅነት የዓይን ሕመም ነበረብኝ፣ የላይኛውን ቆብ ገልብጠው ይዩልኝ» ይበሉ፤ ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ሕመሙ ከጠነከረ፣ ብርሃን መቋቋም ካቃተዎ ወይም ማየትዎ ከደበዘዘ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይሂዱ። የሞከሯቸውን ጠብታዎችም፣ ያለቀባቸውን ብልቃጦች ጨምሮ፣ ከነማሸጊያቸው ይዘው ይቅረቡ።